አዲስ ሳይክል እና የከተማው አውራ ጣት

ሐዋሳ ላይ አዲስ ሳይክል ይዞ የወጣ ሰው ገና ሰላምታ ሳይለዋወጥ ጎማው ይጫንበታል። የሚጫነው በአውራ ጣት ነው። የባንኩ ዘበኛ ይጫናል፣ ሊስትሮው ቀለም በነካው እጁ ይጫናል፣ ክራቫት ያሰረው ሰውዬ ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ ይጫናል። ከተጫኑ በኋላ ወዲያው አይናገሩም። ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው «እም...» ይላሉ፤ ሐኪም ሆድ ዳሶ ዝም ሲል በሽተኛ የሚሰማው ፍርሃት ያኔ ባለሳይክሉን ይወረዋል።

ጎማው ጠንክሮ ከሆነ «ይሄ እኮ በፀሐይ ይፈነዳብሃል» ይላሉ። ለስለስ ካለ «ቸርኬህን ሊያስበላህ ነው» ይላሉ። ልክ ከሆነ ደግሞ ጎማውን ትተው ወደ ፍሬኑ ይሻገራሉ። ጨበጥ ለቀቅ ያደርጉታል። ደወሉን ያቃጭላሉ። የኋላውን ብድግ አድርገው ፔዳሉን በእጃቸው እያሽከረከሩ ካቴናው ምን እንደሚል ያዳምጣሉ። እንከን ያልተገኘበት ሳይክል እስካሁን በከተማችን አልታየም።

ቀጥሎ «ስንት ገዛኸው?» ይመጣል። የምትመልሱት ቁጥር ለውጥ አያመጣም፤ ፍርዱ አስቀድሞ ተጽፏል። «ተበልተሃል!» ከዋጋው ላይ ሲሶውን ቀንሳችሁ ብትናገሩም ተበልታችኋል። አንድ ወዳጄ ነገሩ ሲመረው «አልገዛሁትም፣ ስጦታ ነው» ብሎ ነበር። ጎማ ጫኙ ትንሽ አሰበና «ቢሆንም ተበልተሃል፤ በዚህ ዘመን ሳይክል በነጻ የሚሰጥ ሰው ምን እንደሚፈልግ ገና ታየዋለህ» አለው።

ለዚህ ከተማ ሰው ይህን ሁሉ ሥልጣን የሰጠው መሬቱ ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ ከሐይቁ ጎን ተዘርግታለች። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ደጋም አይደለች፣ በረሃም አይደለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ሜዳው ሰፊ ስለነበር መንገዶቿም ሰፍተውና ቀንተው ወጡ። ዳገት ለሚያምረው ሰው ታቦር አለ፣ አላሙራ አለ። ሁለቱም ግን ጨዋ ተራሮች ናቸው፤ ሥራ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አልቆሙም።

አዲስ አበባ ላይ ሳይክል የያዘ ሰው ከእንጦጦ በኩል ቁልቁል እየሳቀ ይወርድና ማታ እየገፋ ይመለሳል። እዚያ ከተማ ግማሹን መንገድ ሳይክሉ ይሸከማችኋል፣ ግማሹን እናንተ ትሸከሙታላችሁ። እዚህ ግን ከመናኸሪያ ተነስቶ በፒያሳ አድርጎ እስከ ፍቅር ሐይቅ ሸሚዝ ሳይረጥብ ይደረሳል። ስለ ሳይክል ሲወራ ባሕር ዳርና ሐዋሳ አብረው የሚነሱት ለዚህ ነው። ፈጣሪ ሜዳውንም ሐይቁንም ለሁለቱ አድሏቸዋል።

ዛሬ ጎማ የሚጫኑት ሰዎች ሁሉ በልጅነታቸው ከአንድ ትምህርት ቤት የተመረቁ ናቸው፤ ከኪራይ ሳይክል ቤት። ለዳቦ ከተሰጠው ሳንቲም ላይ ቀንሶ የተከራየ ልጅ፣ ቁመቱ ከኮርቻው ስለማይደርስ እግሩን በብረቱ መሐል አሹልኮ፣ ወገቡን አጣሞ ፔዳል ይመታል። እንዲህ ተጣሞ የተማረ ሰው በኋላ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ዓለም ሁሉ ይቀለዋል። ሌላም የሚማረው ነገር አለ። ሰዓቱ ሲያልቅ አከራዩ ከሩቅ እየተጣራ ይመጣል፤ እሱን አለመስማት ነው። አንዳንዱ ይህችን ትምህርት አጥብቆ ስለያዘ እስከ ዛሬ አበዳሪው ሲጠራው አይሰማም።

በኋላ ባጃጅ መጣ። ባጃጅን አላማም፤ ዝናብ ላይ ደርሶልኛል፣ በሌሊት ሐኪም ቤት አድርሶኛል። ነገር ግን ባጃጅ ሲበዛ ከተማው ውስጥ አንድ የማይነገር ደንብ ተተከለ። ልጅ በሳይክል ይሄዳል፣ ጎልማሳ በባጃጅ፣ ያለፈለት በመኪና። ደመወዝ እያገኘ በሳይክል የሚሄድ ሰው ከታየ አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። «ምነው፣ ሰላም ነው?» ይባላል። ጠያቂው ከልቡ አዝኖ ነው።

የአዘኔታው ነገር እየቀለለ የመጣው ነዳጅ ሲወደድ ነው። ባጃጆቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ሲያድሩ፣ እኛም መንገድ ዳር ተሰልፈን ስንጠብቃቸው፣ በመሐል አንድ ልጅ በሳይክል እያፏጨ ያልፋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተተኮሰ፤ ሳይክሉም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና አብሮ ወጣ። ልዩነቱ ሳይክል የሚያስለቅሰው አንዴ፣ በተገዛበት ቀን ነው። ባጃጅ ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ በትንሽ በትንሹ ያስለቅሳል።

እኔም «ሳይክል ልገዛ ነው» አልኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር ከሐዋሳ ሰው ጋር ለመኖር የሚከፈል ግብር ነው። በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ ይላል ያገሬ ሰው። አሞሌውን ያገዘኝ የለም፤ በቅሎውን ያልመረጠልኝም የለም።

የቢሮ ባልደረባዬ «ማርሽ የሌለው እንዳትገዛ» አለኝ። አንድ ግድግዳ ላይ ያለ ማስታወቂያ የሚያነብ ያህል እርግጠኛ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠችው ጓደኛችን ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ማርሽ ለሐዋሳ ምን ሊያደርግለት? ታቦር ጫፍ ቤት ሊሠራ ነው?» አለች። «ሃያ አንድ ማርሽ ያለው ሰው ሁለቱን ነው የሚጠቀመው፤ የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ጭቃ መያዣ ናቸው።»

ሒሳቡን ካየነው እውነቷን ነው። 21 ማርሽ የሚባለው ከፊት ያሉት 3 ጥርሳም ክቦች ከኋላ ባሉት 7 ሲባዙ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ስማቸው ይለያይ እንጂ ክብደታቸው ተመሳሳይ ነው፤ አንዱን ለቅቆ ወደ ሌላው መሄድ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ገንዘብ ማዛወር ይሆናል። ትንሿ የፊት ክብ የተሠራችው ለዳገት ነው። ትልቁ ለቁልቁለት ነው። ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው መካከለኛው ብቻ ይበቃል። ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ «ቢሆንም ይኑርህ» አለኝ። ስንት ነገር በዚህ አገር «ቢሆንም ይኑርህ» ተብሎ ተገዝቷል!

ጡረታ የወጡት መምህር ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ ሃይማኖት ነበራቸው። «ልጄ፣ ሳይክል ማለት ፊኒክስ ነው» አሉኝ። ጥቁሩ፣ ከባዱ፣ ዲናሞ ያለው የሻንጋዩ ፊኒክስ። «እኔ በፊኒክስ አስተምሬ፣ በፊኒክስ ልጅ ወልጄ፣ በፊኒክስ ጡረታ ወጣሁ።» በመሐከለኛው ጉዳይ ላይ ዝርዝር አልጠየቅኋቸውም።

ፊኒክስን የሠሩት ቻይናዎች ግን ለሳይክል የነበራቸው ክብር የኔታን የሚያስንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እዚያ አገር ለትዳር የታሰበ ወጣት አራት ነገር እንዲያሟላ ይጠበቅ ነበር፤ የእጅ ሰዓት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ሬዲዮና ሳይክል። ይህን ለመምህሩ ስነግራቸው በረጅሙ ተነፈሱ። «ዛሬ እዚህ በሳይክል ሽማግሌ ብትልክ፣ እንኳን ልጅቷ ሽማግሌዎቹም እሺ አይሉህ» አሉኝ።

ወደ ሱቁ ስሄድ ነገሩ ባሰ። በራፉ ላይ የተደረደሩት ሳይክሎች ገና ላስቲካቸው አልተላጠም። ከፊትም ከኋላም ሾክ አላቸው፣ ጎማቸው ለትራክተር የታሰበ ይመስላል፣ ቀለማቸው ከሩቅ ይጣራል። የአንዱ ብረት ላይ የጣሊያን ስም ተለጥፏል፣ ኮርቻው ላይ የጃፓን፣ ፍሬኑ ላይ ደግሞ የየት እንደሆነ ያልታወቀ። «የት ነው የተሠራው?» አልኩት ሻጩን። «ኦርጅናል ነው» አለኝ። «አገሩን ነው የጠየቅኩህ።» «የጀርመን ቴክኖሎጂ ነው።» በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

ስለ ሾኩ ጠየቅኩት። ኮርቻው ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ ከፍ ዝቅ አደረገው። «ሶፋ ነው!» አለኝ። ሶፋነቱ ባልከፋ፤ ችግሩ ፔዳል በተመታ ቁጥር ከጉልበታችሁ ላይ ሾኩ ድርሻውን ማንሳቱ ነው። ወደፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ ይውላል። ድንጋያማ ተራራ ለሚወርድ ሰው አጥንት ያድናል። ከቤቱ ቢሮ፣ ከቢሮው ቤቱ ለሚመላለስ ሰው ግን ተጨማሪ ኪሎ ነው። የሐዋሳ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን እንደሚያንገጫግጭ አልክድም፤ ጎማውን ትንሽ ማለስለስ ግን ያለ ክፍያ ያንኑ ይሠራል።

ቁመቱን ስለካ ደግሞ ሻጩ ታዘበኝ። ሳይክል እንደ ጫማ ቁጥር አለው። በሁለት እግር ከብረቱ ግራና ቀኝ ሲቆሙ ብረቱ ማንንም የማያስቀይም ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግር ቀጥ ይላል፤ ያኔ በእግር ጣቶች መዳረሻ ሲመቱ ጉልበት በልኩ ይታጠፋል። ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን ከአገጩ እያጋጨ የሚነዳ ሰው ስንቱ ነው! በኋላ «ሳይክል ጉልበት ይጎዳል» ብሎ ለአገር የሚያስወራው እሱ ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አየና «ጋሼ፣ እሱ አንድ ቁጥር ነው የሚመጣው፤ እግርህ ይለምደዋል» አለኝ።

መጨረሻ ላይ የሄድኩት መጀመሪያ መሄድ ወደነበረብኝ ሰው ነው። ሰፈራችን ውስጥ ከዋርካ ሥር ቁጭ ብሎ ሳይክል የሚጠግን ልጅ አለ። ዕቃው አንድ የጥይት ሳጥን፣ አንድ ሳፋ ውሃ፣ አንድ መንፊያና ከቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ አሮጌ ጎማዎች ናቸው። ማውራት አያበዛም። ሱቅ ያየሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ኪያቤውን አስቀመጠና «ጋሼ፣ የሚታየው ሳይክሉ አይደለም» አለኝ። «ዘመዱ ነው። ሲሰበር ዕቃ የሚያዋጣለት ዘመድ እዚህ ከተማ አለው ወይ?»

ከዚያ ጣቱን እያጠፈ ነገረኝ። ዲስክ ፍሬን ጥሩ ይይዛል፤ ሸራው ሲያልቅ ግን ልኩን ለማግኘት አዲስ አበባ ሰው መላክ ይመጣል። የጎማ ፍሬን በየሱቁ አለ፤ ከጠፋም ከሌላ ይገለበጣል። 26 ኢንች ቸርኬ ሞልቷል፤ ራጂው፣ ከመነዳሪው፣ ኩሽኔታው በየቦታው ይገኛል። ለየት ያለ ልክ ያለውን የገዛ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይኮራል፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። «ፓራፋንጎ ያለው ይሁን» ብሎ ጨረሰ፤ «ክረምት ላይ ጀርባህ ላይ ጭቃ የሚጽፍብህ የኋላው ጎማ ነው።» ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለውን ተረት ሳይጠቅስ አስረዳኝ።

የገዛሁትም እሱ ያለውን ነው። ቀጥ ያለ፣ ሾክ የሌለው፣ ባለ 26 ኢንች፣ ጥቂት ማርሽ ያለው፣ ከኋላው መጫኛ፣ ከፊትም ከኋላም ፓራፋንጎ። ዘመደ ብዙ ነው። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ።

የዋርካው ልጅ ሙያ በደንብ የሚታየው ጎማ ሲበሳ ነው። በስምጥ ሸለቆ የግራር እሾኽ አይጠፋምና ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጎማውን በሁለት የማንኪያ እጀታ ይፈለቅቀዋል። ከመነዳሪውን ያወጣና ነፍቶ ሳፋው ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያስገባ ያዞረዋል፤ ውሃው ከአንድ ቦታ አረፋ ሲተፋ በክብሪት እንጨት ቀዳዳውን ይይዛል። ያደርቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ማስቲሽ ይቀባና ይተወዋል። እዚህ ላይ ነው ባለሙያና ቸኳይ የሚለዩት። ማስቲሹ ደረቅ ሳይል የለጠፈ ሰው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ነው የሚሄደው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሲደርቅ ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጠውን ይለጥፍና በመዶሻ ጀርባ ይቀጠቅጠዋል። ይህን ብዙ ሰው ይችለዋል። እሱ ግን ከመነዳሪውን ከመመለሱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቶቹን በባዶው ጎማ ውስጥ ቀስ አድርጎ ዙሪያውን ያስኬዳል። ቆም ይላል። በጥፍሩ ቆንጥጦ ጫፏ ብቻ የቀረች እሾኽ ያወጣና መዳፌ ላይ ያስቀምጣታል። ጠጋኝ ሁሉ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እሾኹን የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ቢኖረን ስንቱ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ባልተበሳ!

የነፋስ ጎማ ራሱ የመጣው ከእንስሳት ሐኪም ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ቤልፋስት ውስጥ ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪሙ ጆን ደንሎፕ ልጁን ባለ ሦስት እግር ሳይክሉ ድንጋይ ላይ ሲያንገጫግጨው አየና ጎማ በአየር ሞላለት። ከዚያ በፊት ሰው በድፍን ጎማ፣ ከዚያም በፊት በእንጨትና በብረት መንኮራኩር ነበር የሚሄደው። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 የመጀመሪያውን ባለ ሁለት እግር መሣሪያ ሲያወጣ ፔዳል እንኳ አልነበረውም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሮጠው። የሚጫን ነገር ስላልነበረ የያኔ ሰው አዲስ ሳይክል ሲያይ እጁን የት እንደሚያደርግ ይቸግረው እንደነበር እገምታለሁ። የሐዋሳ አውራ ጣት ሥራ ያገኘው በደንሎፕ ነው።

ሳይክልን የልጅ ዕቃ ያደረግነው ለምን እንደሆነ አስቤ አንድ ተጠርጣሪ አግኝቻለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። ጫማ እንኳ ሳያስፈልግ ዓለምን ማሸነፍ ከተቻለ ሳይክል ለምን ይገዛል? አገሩ ሁሉ ወደ እግሩ ዞረ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እንኳ ሰፈራችን ውስጥ ወሬው ከእግር ኳሱ ሥር ነበር ያለፈው።

ወደ ደስታው ልምጣ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐዋሳን በሳይክል ያላያት ሰው ሐዋሳን አላያትም። በባጃጅ የሚሄድ ሰው የሚያየው የሹፌሩን ማጅራት ነው። በሳይክል ግን ዳቦ ቤቱ ይሸታል፣ ቡናው ይሸታል፣ ወደ አሞራ ገደል ሲጠጉ ደግሞ ዓሣው ይሸታል። ጀልባዎቹ ሌሊቱን የያዙትን ቆሮሶ ያራግፋሉ፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ቀበሌ ታዛቢ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል። ሳይክላችሁን ግን አትራቁት። የሐይቁ ዳር ጦጣዎች ጎማ መጫን ባይችሉም መሪው ላይ የተንጠለጠለ ሙዝ የማን እንደሆነ አይጠይቁም።

ደስታው ያለ ቅጣት አይገኝም። ሳይክል መስታወት የለውም። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ያላየ መምሰል ይችላል፤ ባለሳይክል ግን ፊቱ አደባባይ ላይ ነው። የዕድሩ ገንዘብ ሰብሳቢ ያገኘዋል፣ የሱቁ ደንበኛ «ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» ይለዋል፣ የሩቅ አክስቱ አቁማ ስለ ቤተሰቡ አንድ በአንድ ትጠይቀዋለች። የሐዋሳ ሰላምታ ደግሞ እጅ አውለብልቦ የሚያልፉት ዓይነት አይደለም፤ ወርደው፣ ትከሻ ገጭተው፣ የልጆቹን ጤና ጨርሰው ነው። አሥር ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ግማሽ ሰዓት የሚሆነው በፔዳሉ ምክንያት አይደለም።

ደግሞ «አንዴ ላዙረው» አለ። ሳይክል በኢትዮጵያ ሕግ የግል ንብረት ነው፤ በሰፈር ሕግ ግን የጋራ ነው። የጎረቤት ልጅ ዳቦ ሊገዛበት ይወስደዋል፣ ወንድሙ ሊለማመድበት፣ አባትየው «ድሮ እንዴት እንደምነዳ ላሳያቸው» ብሎ። ኮርቻው ለእያንዳንዱ ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል። ማታ ሲመለስልኝ የማን ቁመት ላይ እንደቀረ አይቼ መጨረሻ የነዳውን አውቃለሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። መኪና ሲመጣ ጥበቃው ብድግ ብሎ በሩን ወለል ያደርጋል፤ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ሳይክል ሲመጣ «ወዴት ነው?» ይላል። ለጉዳይ ነው አልኩት። «ሳይክል አይገባም።» የት ላቁመው? «ውጭ።» ከጠፋስ? «ይጠፋልማ፣ ውጭ አይደል!» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ተጫነው። ስንት እንደገዛሁት ጠየቀኝ፣ መበላቴን አረዳኝ፣ በዚያው ወዳጅ ሆንንና ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አስገባልኝ። አውራ ጣቱ ያልተጻፈ መታወቂያ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ያቺ ማርሽን ያጣጣለችው የቢሮ ጓደኛዬ ከሁላችንም ቀድማ በሳይክል ትመጣ ነበር። ወንድ ሳይክል ላይ ሲታይ «ምን ደረሰበት?» ይባላል፤ ሴት ስትታይ ደግሞ ከባጃጁም ከካፌውም ደጃፍ አስተያየት ይወርዳል። እሷ ደወሏን ሁለቴ አቃጭላ ታልፋለች። «የሚጮኹት ከኋላ ስለቀሩ ነው» ትላለች። ጎማዋን የሚጫን ሰው ግን አይታ አታውቅም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ለመጫን መጀመሪያ ይድረሱብኝ» አለችኝ።

መንግሥትም ቢሆን ነገሩን አልዘነጋውም። በ2012 ዓ.ም የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት የ10 ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል። የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ጎዳናዎች ዳርም የሳይክል መስመር መሠመር ጀምሯል። መስመሩ ያምራል። በማማሩ የተነሳ ሁሉ ወዶታል። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል፣ ባጃጅ ያርፍበታል፣ ቆሎ ሻጭ ትዘረጋበታለች፣ ሁለት ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይንሸራሸሩበታል። ባለሳይክሉ በመሐላቸው ደወል ሲደውል «ምን ያስቸኩለዋል?» ተብሎ ይገረመማል።

ይሁን እንጂ ቀን ለሁሉም ይወጣለታል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሲሆን፣ ወይም ለፍቼ ጫምባላላ ሕዝቡ ወደ ጉዱማሌ ሲተም፣ ከተማው ጢም ይላል። ባለ መኪናው መሪው ላይ ተደፍቶ ይቀራል፣ ባጃጁ ሞተሩን ያጠፋል። ያኔ ሳይክል ያለው ሰው ወርዶ፣ ሳይክሉን በጎኑ ይዞ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ያልፋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ቀን ነው።

እንግዲህ ሳይክል ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ፍርዴን ልስጥ። ከሱቁ በፊት ሰፈራችሁ ያለውን ጠጋኝ አማክሩ፤ ዕቃው እሱ ዘንድ የማይገኘውን በስጦታም አትቀበሉ። ለተራራ የተሠራውን ለተራራ ሰዎች ተዉላቸው። ኮርቻውን በቁመታችሁ ልክ አድርጉ። ጎማችሁን የሚጫን ሰው ሲመጣ አትቆጡ፤ መንፊያ አቀብሉት፣ ያን ያህል ካወቀ ይንፋው። ሹፌሮች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ስትቀድሙን አንድ ሜትር ተዉልን፣ የቆመ መኪና በር ስትከፍቱም ወደ ኋላ ተመልከቱ። ከተማዋ ሰፊ ናት፤ ለሁላችንም ትበቃለች።